ሶራፌኒብ የጉበት ካንሰርን ሲገድል የኦቶፋጂ ድርሻ ምንድን ነው?

በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 866 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር አዲስ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት ወደ 759 ሺህ ይደርሳሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው የበሽታውን ክፋት ይነግራል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጉበት ዋና ህዋሳት የሚነሳውና በብዛት የሚታየው የጉበት ካንሰር ሲሰፋ፣ የታማሚን ዕድሜ ማራዘሙ በትልቅ ጥናት የተረጋገጠለት የመጀመሪያው የሚዋጥ መድኃኒት ሶራፌኒብ ነው። ይህ መድኃኒት የነካው የካንሰር ህዋስ ውስጥ ደግሞ ኦቶፋጂ እንደሚበረታ በተደጋጋሚ ታይቷል። ኦቶፋጂ ህዋስ ያረጀውን ወይም የተጎዳውን የገዛ ክፍሉን በሽፋን ከቦ፣ ላይሶሶም ወደተባለው የመፍጫ ከረጢት የሚያደርስበትና የተፈጨውን መልሶ የሚጠቀምበት አሠራር ነው።

ተመራማሪዎችን የከፈለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰው ይህ መፍጨት ህዋሱን ከሞት ያስጥለዋል ወይስ ራሱ ይገድለዋል? አብዛኛው ማስረጃ ወደ ማስጣሉ ያደላል። ሆኖም “ኦቶፋጂ ገደለ” የሚል ርዕስ የያዙ ጥናቶች ከዓመት ዓመት ሲበዙ፣ የሚበዙቱ ለዚህ አባባል የሚበቃ ፈተና አላካሄዱም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

የጉበት ልጅ

የኦቶፋጂ ጥናት የተወለደው ጉበት ላይ ነው። ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ኢንሱሊን ጉበት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሲመረምር፣ ያልጠበቀውን የኢንዛይም ከረጢት በአይጥ ጉበት ውስጥ አገኘና በ1955 ላይሶሶም አለው። በ1962 ኪት ፖርተርና ቶማስ አሽፎርድ በኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም፣ ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን የተሰጠው የአይጥ ጉበት ውስጥ የህዋስ ኃይል ማመንጫ የሆኑትን ማይቶኮንድሪያ የዋጡ ከረጢቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ደ ዱቭ በ1963 ለንደን በተደረገ ጉባኤ ላይ ለሂደቱ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጠ፤ በ1974 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ቀዘቀዘ። በየትኞቹ ዘረመሎች እንደሚመራ ስለማይታወቅ፣ ሂደቱን አጥፍቶ ውጤቱን ማየት አይቻልም ነበር። መንገዱን የከፈተው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተራቡ የእርሾ ህዋሳትን እየመረመረ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልጉትን ዘረመሎች ለየ፤ በ2016 ኖቤል ተሸለመ። በ1999 የተመራማሪዋ ቤት ሌቪን ቡድን ቤክሊን-1 የተባለው የኦቶፋጂ ፕሮቲን ዕጢን እንደሚገታ አሳየ። በ2003 የወጡ ሁለት ጥናቶችም ከሁለቱ የቤክሊን-1 ቅጂዎች አንዱ የጠፋባቸው አይጦች በራሳቸው ጊዜ ካንሰር እንደሚያወጡ አረጋገጡ፤ ከካንሰሮቹ አንዱ የጉበት ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎች “ኦቶፋጂ የካንሰር ጠላት ነው” ብለው ደመደሙ። ድምዳሜው ቸኩሏል፤ ለምን እንደቸኮለ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የማያሟሽሽ መድኃኒት

ሶራፌኒብ መጀመሪያ የታለመው ራፍ የተባለውን፣ ህዋስ እንዲባዛ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ኢንዛይም ለማገድ ነበር። ኋላ ላይ ዕጢው አዳዲስ የደም ሥር እንዲስብ የሚያደርጉትን ተቀባዮች ጭምር እንደሚያግድ ታወቀ። በ2005 ለኩላሊት ካንሰር፣ በ2007 ለጉበት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2008 የታተመው ሻርፕ የተባለው ጥናት 602 ታማሚዎችን አሳትፎ ነበር፤ መድኃኒቱን የወሰዱት የመካከለኛ ዕድሜ ቆይታ 10.7 ወር፣ ያልወሰዱት 7.9 ወር ሆነ። በእስያ 226 ታማሚዎች ላይ በተደረገው ጥናት ደግሞ 6.5 ወር ከ4.2 ወር ጋር ተነጻጸረ።

ከነዚህ ቁጥሮች ይልቅ ለጥያቄያችን የሚቀርበው ሌላ ነው። በሻርፕ ጥናት ዕጢያቸው በጉልህ የቀነሰላቸው ታማሚዎች 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ካንሰሩን ያዘገየዋል እንጂ አያሟሽሸውም ማለት ነው። አብዛኞቹ የካንሰር ህዋሳት በመድኃኒቱ ውስጥ እያሉ ይኖራሉ። እንዴት ኖሩ? ኦቶፋጂ ላይ ትኩረት የወደቀው ይህን ጥያቄ ለመመለስ በተደረገው ፍለጋ ነው።

አንድ መነሻ፣ ሁለት በር

ሶራፌኒብ ኦቶፋጂን የሚቀሰቅስባቸው መንገዶች ቢያንስ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የኃይል መንገድ ነው። መድኃኒቱ ማይቶኮንድሪያን ይጎዳል፤ የህዋሱ ኃይል ሲያንስ ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይም ይነቃል፤ በምግብና በዕድገት ጊዜ ኦቶፋጂን ጨቁኖ የሚይዘው ኤምቶር ይላላል። ሁለቱ ለውጦች ዩኤልኬ1 የተባለውን የኦቶፋጂ ቀስቃሽ ይለቁታል። ሁለተኛው፣ ፕሮቲን የሚታጠፍበት የህዋስ ክፍል፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ሲጨናነቅ የሚነሳው የጭንቀት ምልክት ነው።

ሦስተኛው ለክርክሩ ቁልፍ ነው። ሶራፌኒብ ኤምሲኤል-1 የተባለውን ፕሮቲን መጠን ይቀንሳል። ኤምሲኤል-1 ደግሞ ሁለት ሥራ አለው። በአንድ በኩል አፖፕቶሲስን፣ ማለትም ህዋስ በሥርዓት ራሱን የሚያፈርስበትን ሞት፣ ይከላከላል። በሌላ በኩል ቤክሊን-1ን ጨብጦ ኦቶፋጂ እንዳይጀምር ያግዳል። ስለዚህ ኤምሲኤል-1 ሲቀንስ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ተመራማሪው ማይክሮስኮፑ ሥር ኦቶፋጂ የበረታበትና እየሞተ ያለ ህዋስ ያያል፤ አንዱ ሌላውን አስከተለ ብሎ ለመደምደም ግን ያየው አይበቃውም። ሁለቱም የአንድ መነሻ ውጤቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ያስጥላል የሚሉት

በ2011 ከሻንጋይ የወጣ ጥናት ለዚህ ወገን መሠረት ጣለ። ሶራፌኒብ በጉበት ካንሰር ህዋሳት ውስጥ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ጭንቀት በኩል ኦቶፋጂን ቀሰቀሰ፤ ኦቶፋጂው ሲታገድ ግን ህዋሳቱ በአፖፕቶሲስ የበለጠ ሞቱ። የሰው ዕጢ በተተከለባቸው አይጦችም ሶራፌኒብ ኦቶፋጂን ከሚያግደው ክሎሮኪን ጋር ሲሰጥ ለብቻው ከተሰጠው በተሻለ ዕድገቱን ገታ። በቀጣዩ ዓመት ከጃፓን ተመሳሳይ ውጤት ታተመ። የነገሩ አካሄድም ያሳምናል፤ ህዋሱ ኃይል አጥቶና በተበላሸ ፕሮቲን ተጨናንቆ ሳለ፣ ኦቶፋጂ ብልሹውን ጠርጎ ጥሬ ዕቃ ያቀርብለታል።

ደካማ ጎኑ ማገጃው ነው። ክሎሮኪን ኦቶፋጂን ብቻ አይነካም፤ የላይሶሶምን ሥራ በጠቅላላ ያውካል። በ2016 የታተመ አንድ ሥራ ኬራስ በተባለው ዘረመል ለውጥ የሚነዱ ካንሰሮችን መርምሮ፣ ኤቲጂ7 የተባለው የኦቶፋጂ ዘረመል የጠፋባቸው ህዋሳትም በክሎሮኪን እኩል እንደሚጎዱ አሳየ። ኦቶፋጂ በሌለበት መድኃኒቱ ከሠራ፣ የሠራው በሌላ መንገድ ነው። ጥናቱ በጉበት ካንሰር ላይ ባይሆንም ማስጠንቀቂያው ለጉበትም ይደርሳል። “ክሎሮኪን ስለጨመርን ብዙ ሞቱ፤ ስለዚህ ኦቶፋጂ ይጠብቃቸው ነበር” የሚለው ክርክር ዘረመልን በማጥፋት ካልተደገፈ ግማሽ ነው።

ይገድላል የሚሉት

በ2013 ከታይዋን የወጣው ሥራ ተቃራኒውን ወገን በጥሩ ሁኔታ ይወክላል። ተመራማሪዎቹ ሶራፌኒብንና ኤስሲ-59 የተባለውን ተዛማጁን አነጻጽረው፣ ሁለቱም ኤምሲኤል-1ን ቀንሰው ቤክሊን-1ን እንደሚለቁ፣ ህዋሳቱም በዚሁ ምክንያት በኦቶፋጂ እንደሚሞቱ ጻፉ። ይህን ሥራ ከብዙዎቹ የሚለየው ከማየት አልፎ የመንገዱን ደረጃዎች አንድ በአንድ ለመነካካት መሞከሩ ነው።

ከዚህ ጎን፣ ከዕፅዋት የተገኙ ውህዶች የጉበት ካንሰርን “በኦቶፋጂ ይገድላሉ” የሚሉ በርካታ ጽሑፎች አሉ፤ በ2010 ስለ በርበሪን የወጣው አንዱ ነው። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አካሄድ ይከተላሉ። ውህዱ ህዋሳቱ ላይ ይፈስሳል፤ ህዋሳቱ ይሞታሉ፤ የኦቶፋጂ ምልክት ሲጨምር ይታያል፤ ከዚያ ርዕሱ ይጻፋል። በባህላዊ መድኃኒት ለሚያምን ማኅበረሰብ እንዲህ ያለው ርዕስ ትልቅ ተስፋ ያዘለ ነው፤ ለዚህም ነው ጥንቃቄው የሚያስፈልገው።

መገኘትና መግደል

በ2008 ጊዶ ክሮመርና ቤት ሌቪን በኦቶፋጂ ስም የሚጠራው ሞት አላግባብ እንደተሰየመ በግልጽ ተከራከሩ። ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ሟቹን አልገደለም፤ እየሞተ ባለ ህዋስ ውስጥ የተገኘ ኦቶፋጂም እንደዚያው ነው። ከዚህ ክርክር የተወለዱት ልዩነቶች ሦስት ናቸው። ኦቶፋጂ ከሞቱ ጋር አብሮ ሊታይ ይችላል። ኦቶፋጂ ሌላ ሞትን፣ ለምሳሌ አፖፕቶሲስን፣ ሊያግዝ ወይም ሊያፋጥን ይችላል። በመጨረሻም ኦቶፋጂ ራሱ ሊገድል ይችላል። የህዋስ ሞት ስያሜ ኮሚቴ በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ሦስተኛውን ለመናገር የኦቶፋጂ ዘረመሎች ሲጠፉ ሞቱ መቅረቱ ወይም መዘግየቱ መታየት አለበት። ከአንድ በላይ ዘረመል መፈተሹም ይመከራል፤ ቤክሊን-1ን የመሳሰሉት ከኦቶፋጂ ውጭም ሥራ አላቸውና።

ይህ መስፈርት በሰፊው ሲሞከር ምን እንደሚተርፍ በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ወደ 1,400 የሚደርሱ ውህዶች በአጥንት ካንሰር ህዋሳት ላይ ተፈተሹ። ኦቶፋጂን የቀሰቀሱ ነበሩ፤ ለመግደል ኤቲጂ7ን የፈለገ ግን አንድም አልተገኘም። ይህን ውጤት ሳያነቡ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ያም ሆኖ በኦቶፋጂ የሚመጣ ሞት ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። የፍራፍሬ ዝንብ ስታድግ የምራቅ ዕጢዋ የሚፈርሰው በኦቶፋጂ አጋዥነት ነው። በ2013 የሌቪን ቡድን ኦቶሲስ የተባለ፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕን የሚፈልግና ከአፖፕቶሲስ የተለየ ሞት ለይቷል። ስለዚህ የሚጠበቅብን ለእያንዳንዱ መድኃኒትና ለእያንዳንዱ ህዋስ ለየብቻው ማስረጃ መጠየቅ ነው።

ልኬቱ ራሱ ሲያሳስት

ኦቶፋጂ የሚለካው በአብዛኛው ኤልሲ3 በተባለ ፕሮቲን ነው። ሂደቱ ሲጀመር ኤልሲ3 ቅርጹን ለውጦ ከረጢቱ ላይ ይጣበቃል፤ ተመራማሪው የተለወጠውን ይቆጥራል። ችግሩ ይህ ቅርጽ በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች መጨመሩ ነው፤ ከረጢቶች በብዛት ሲሠሩም፣ የተሠሩት ሳይፈጩ ሲጠራቀሙም። የመጀመሪያው የኦቶፋጂ መበርታት፣ ሁለተኛው መዘጋት ነው። ሁለቱን ለመለየት ፍሰቱን መለካት ያስፈልጋል፤ የላይሶሶምን ሥራ በባፊሎማይሲን አግዶ ኤልሲ3 ይበልጥ ይጨምር እንደሆነ ማየት፣ ከኦቶፋጂ ጋር አብሮ የሚፈጨው ፒ62 መቀነሱንም ማረጋገጥ። ከሁለት ሺህ በላይ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የአለካክ መመሪያ በ2021 ለአራተኛ ጊዜ ታትሞ ይህንኑ ያሳስባል። በብዙ ጥናቶች ማገጃ ሆኖ የሚያገለግለው 3-ሜቲልአዴኒን እንኳ፣ ህዋሱ በቂ ምግብ እያለው ለረጅም ሰዓት ከቆየበት ኦቶፋጂን መልሶ ይቀሰቅሳል።

ሌላው ጉዳይ የሚመረመሩት ህዋሳት ናቸው። “የጉበት ካንሰር ህዋሳት” ተብለው ከሚጠቀሱት እጅግ ታዋቂው ሄፕጂ2 ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ ዕጢ የተወሰደ ሲሆን፣ በ2009 የተደረገ ማጣራት ሄፓቶብላስቶማ የተባለው የልጆች የጉበት ዕጢ መሆኑን አመልክቷል። ሌላው፣ ኤስኬ-ሄፕ-1፣ ከደም ሥር ሽፋን ህዋሳት እንደመጣ ይታመናል። መጠኑም ያነጋግራል። በሰው ደም ውስጥ ከሶራፌኒብ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ሳህን ላይ ባለው ህዋስ ዙሪያ ያለው ፕሮቲን እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ የሚመስል መጠን ለህዋሱ የከበደ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሻንጋይና ታይዋን የተለያየ መልስ ማግኘታቸው በእኔ ግምት ቢያንስ በከፊል ከዚህ ይመጣል፤ ቀላል ጉዳት የደረሰበትን ህዋስ ኦቶፋጂ ያነሳዋል፣ ከልክ ያለፈውን ግን የሚያነሳው የለም።

ብረት የጨመረው ጥያቄ

በ2012 ፌሮፕቶሲስ የተባለ፣ በብረት ምክንያት የህዋስ ሽፋን ስብ እየተበላሸ የሚመጣ ሞት ተለየ። በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት ሶራፌኒብ የጉበት ካንሰር ህዋሳትን የሚገድለው በዚህ መንገድ መሆኑን አቀረበ፤ ብረቱ ሲያዝ ህዋሳቱ ተረፉ። ጉበት የሰውነት የብረት ጎተራ ስለሆነ ሐሳቡ ብዙዎችን ሳበ። ከዚያ ኦቶፋጂ ተመልሶ መጣ። በ2014 ኤንኮኤ4 የተባለ ፕሮቲን፣ ብረት የሚከማችበትን ፌሪቲን ለኦቶፋጂ እንደሚያቀብል ታወቀ። በ2016 ደግሞ ፌሪቲን ሲፈጭ የሚለቀቀው ብረት ፌሮፕቶሲስን እንደሚያባብስ ታየ። እዚህ ላይ ኦቶፋጂ በሞቱ ውስጥ እውነተኛ ድርሻ የሚኖርበት መንገድ ተገኘ፤ ገዳዩ ግን ብረቱ ነው።

ሆኖም በ2021 የወጣ ሥራ ሶራፌኒብ በብዙ ዓይነት የካንሰር ህዋሳት ላይ ፌሮፕቶሲስን ማስነሳት እንዳልቻለ ዘገበ። ሁለቱ ውጤቶች እስካሁን አልታረቁም።

ከዕጢው በፊትና በኋላ

ወደ 2003ቱ ድምዳሜ እንመለስ። በ2011 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የኦቶፋጂ ዘረመሎችን በአይጥ ጉበት ውስጥ አጠፉ፤ ዕጢዎች ወጡ፣ ግን የማይዛመቱ ዕጢዎች እንጂ ካንሰር አልሆኑም። በ2015 በደቡብ ካሊፎርኒያ የጄምስ ኡ ቡድን ለምን እንደሆነ አሳየ። ኦቶፋጂ ሲጠፋ ጉዳት ተጠራቅሞ ዕጢ ይጀምራል፤ ነገር ግን ፒ53ን የመሳሰሉ ተከላካዮች ስለሚነቁ ዕጢው እዚያው ይቆማል። ወደ ካንሰር የተሻገረው ኦቶፋጂው ሲመለስለት ነው። ስለዚህ አንዱ አሠራር ጤነኛውን ጉበት ከካንሰር ይጠብቃል፣ ካንሰር ከሆነ በኋላ ደግሞ ካንሰሩን ይጠብቃል። ኦቶፋጂን አግዶ ማከም የሚፈልግ ሁሉ በዕጢው ዙሪያ ያለውን የቀረ ጉበት እንዴት እንደሚያተርፍ መመለስ አለበት።

የቫይረስም ጉዳይ አለ። የኡ ቡድን በ2010 የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ለመባዛት ኦቶፋጂን እንደሚጠቀም አሳይቷል። በምሥራቅ እስያም ሆነ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የጉበት ካንሰር ዋነኛ መነሻ ይህ ቫይረስ ነው። በላቦራቶሪ በብዛት የሚመረመሩት ሄፕጂ2 እና ሁህ7 ግን ቫይረሱን አልያዙም። ከቫይረሱ ጋር ዓመታት የኖረ ጉበት ለሶራፌኒብ የሚሰጠው የኦቶፋጂ ምላሽ ከነሱ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ክፍተት እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም።

ወደ ታማሚው

ከ2020 ወዲህ ለብዙ ታማሚዎች የመጀመሪያው ምርጫ ተለውጧል። አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ በጋራ ሲሰጡ የመካከለኛ ዕድሜ ቆይታው 19.2 ወር ሲደርስ፣ በሶራፌኒብ 13.4 ወር ነበር። ሆኖም እነዚህ በደም ሥር የሚሰጡ ውድ መድኃኒቶች ናቸው። ሶራፌኒብ ራሱ ሕንድ ውስጥ በ2012 መንግሥት አስገዳጅ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ በወር ወደ 280 ሺህ ሩፒ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ 8,800 ሩፒ ወረደ። በድሃ አገሮች የሚዋጠው መድኃኒት ገና ለብዙ ዘመን ስለሚያገለግል፣ እንዴት እንደሚገድልና ህዋሱ እንዴት እንደሚያመልጠው ማወቅ ጊዜ ያለፈበት ጥያቄ አይደለም። ሶራፌኒብን የክሎሮኪን ተዛማጅ ከሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጋር የሚፈትኑ የሕክምና ሙከራዎች ተመዝግበዋል፤ ጥምረቱ የጉበት ካንሰር ታማሚን ዕድሜ ማራዘሙን ያረጋገጠ ትልቅ ጥናት ግን የለም።

ለአንባቢ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ክሎሮኪን በእኛ አገር ለወባ የሚታወቅና በቀላሉ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ክሎሮኪንም ሶራፌኒብም የልብ ምትን ሥርዓት ሊያዛቡ ስለሚችሉ፣ ከላይ ያለውን አንብቦ ሁለቱን ያለ ሐኪም መቀላቀል አደገኛ ነው። ሁለተኛው ስለ ጾም ነው። ረጅም ሰዓት አለመብላት ኦቶፋጂን አስነስቶ ካንሰርን ይገድላል የሚል ምክር በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወራል። አብዛኛው የጉበት ካንሰር ታማሚ ጉበት በጠባሳ የሚደድርበት ሲሮሲስም አለበት፤ ጉበቱ ስንቅ መያዝ ስለማይችል ምግብ ሲዘገይ ሰውነቱ ጡንቻውን ያቃጥላል። የሕክምና መመሪያዎች እንዲህ ያለው ታማሚ ምግቡን በየጥቂት ሰዓቱ ከፋፍሎ እንዲበላ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊትም ቀለል ያለ ነገር እንዲቀምስ ይመክራሉ። ለመጾም የሚፈልግ ታማሚ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።